በምዝገባው ወረቀት ላይ የሁለታችሁም ስም ይስፈር

የተከበሩ እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን እንዲከተሉ ደብዳቤዎን በአጭሩ ላስቀምጠው። እርስዎ የዘጠኝ ዓመት ልምድ ያለዎት ነርስ ነዎት፤ ባለቤትዎ የወንጌል አገልጋይ ናቸው፤ የሰባት ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አላችሁ። የሚልካችሁ ድርጅት ለሚስዮናዊነት ቻድ መድቧችኋል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ዓመት ፈረንሳይ ተቀምጣችሁ ቋንቋውን እንድትማሩ ወስኗል። ውሳኔው «እንድትማሩ» ቢልም የትምህርት ክፍያ የተያዘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤትዎ ክፍል ገብተው ይማራሉ፤ እርስዎ ከልጆቹ ጋር ቤት ሆነው ከስልክ መተግበሪያና ከጎረቤት እየለቃቀሙ ይለምዱታል ተብሎ ታስቧል። አባትዎ በበኩላቸው «ከአፍሪካ እየተባረረ ላለ ቋንቋ ብለሽ ሙያሽን ትጥያለሽ፤ ከሄድሽ ከእኔ ምንም አትጠብቂ» ብለዋል። እርስዎ የጠየቁኝ በ34 ዓመትዎ ቋንቋ ይገባዎት እንደሆነ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ከሥራዎ ይልቀቁ ወይስ ፈቃድ ይጠይቁ የሚለውን ነው። የክፍያውን ነገር ያነሡት በደብዳቤው መጨረሻ፣ «እሱ እንኳ ግድ የለም» ከሚል ቃል ጋር ነው። እኔን ግድ ያለኝ ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ምላሼን በእሱ ላይ ባውለው እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለአንዳችሁ ብቻ በተከፈለ ትምህርት ፈረንሳይ ድረስ መሄድ የለባችሁም። ወይ ሁለተኛው ክፍያ ይገኝ፣ ወይ ጉዞው ይዘግይ። ይህን የምለው ስለ ሴቶች መብት ንግግር ላደርግልዎ ፈልጌ ሳይሆን ሁለታችሁ እዚያ የምትሠሩትን ሥራ ጠባይ አይቼ ነው።

እስኪ ቻድ ስትደርሱ የእያንዳንዳችሁ ቀን ምን እንደሚመስል ያስቡት። ባለቤትዎ ይሰብካሉ፣ ያስተምራሉ። ስብከት አስቀድሞ ይጻፋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ወዳጅ ያርመዋል፤ ሰባኪው ጮክ ብሎ ደጋግሞ ያነበዋል፤ ካስፈለገም አስተርጓሚ አጠገቡ ይቆማል። ሰዋስው ቢሰበር ጉባኤው ፈገግ ይል ይሆናል እንጂ የሚጎዳ ሰው የለም። እርስዎ ደግሞ እንደጻፉልኝ በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና የሕፃናት ክፍል እንዲያገለግሉ ታስበዋል። በዚያ ክፍል የሚነገረውን ነገር ማንም አስቀድሞ ጽፎ አይሰጥዎትም። እናትየዋ የታመመ ልጇን ታቅፋ ገብታ ሦስት ቀን የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስትነግርዎ፣ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ የመድኃኒት መጠን ሲጠራልዎ፣ ከመድኃኒት ክፍሉ ስልክ ሲደወልልዎ የሚጠብቅዎ ሰው የለም። ከሁለታችሁ የላቀ ፈረንሳይኛ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ሆኖ ሳለ ትምህርቱ የተመደበው ለባለቤትዎ መሆኑ ግራ ያጋባል።

ቁጥሩን ብቻ እንውሰድ። በፈረንሳይ አቆጣጠር 75 «ሷሳንት ካንዝ»፣ ማለትም ስልሳ አሥራ አምስት ተብሎ ይጠራል፤ 97 ደግሞ «ካትር ቫን ዲ ሴት» ነው፤ አራት ጊዜ ሃያ፣ ከዚያ አሥራ ሰባት። ቤልጅየሞችና ኪንሻሳ ያሉ ኮንጎዎች ለ70 እና ለ90 ቀለል ያለ ስም አላቸው፤ ቻድ ውስጥ የሚጠብቅዎ ግን የፈረንሳዩ ነው። ሐኪሙ 75 ሚሊግራም ሲል ጀማሪው «ሷሳንት» የሚለውን እንደሰማ እጁ 60 ጽፏል፤ ቀጣዩ ቃል ሲመጣ ሰርዞ ያስተካክላል፤ እሱ እስኪያስተካክል ሐኪሙ ወደሚቀጥለው መድኃኒት አልፏል። ይህን የሚፈታው አስተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ ለሳምንታት በየጠዋቱ ቁጥር ሲያስጽፍ፣ ሲያፈጥን፣ ሲያርም ነው። የስልክ መተግበሪያ ትዕግሥቱ ስለማያልቅ፣ ቃሉንም በፊደል ስለሚያሳይዎ፣ ጆሮዎን ለእንደዚህ ዓይነቱ ጥድፊያ አያዘጋጀውም። በምህጻረ ቃላቱም በኩል እንዲሁ ነው። ሕክምናን በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው «ኢንፌክሲዮን» ሲባል ወዲያው ስለሚገባው ግማሹን መንገድ የጨረሰ ይመስለዋል። ካርዱ ላይ ግን ኤችአይቪ «ቬ ኢ አሽ»፣ ኤድስ «ሲዳ»፣ የዓለም ጤና ድርጅት «ኦ ኤም ኤስ»፣ የወባ ፈጣን ምርመራ «ቴ ዴ ኤር» ሆነው ይጠብቁታል፤ ወባ ራሷም በአፍ «ፓሉ» ነው የምትባለው።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በፈረንሳይኛ በሚሠራ ሆስፒታል የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ቋንቋውንም የተማርኩት ጎልምሼ፣ ክፍል ገብቼ ነው። በዚያ ቢሮ ከባሎቻቸው ጋር የመጡ ብርቱ ነርሶችና አዋላጆች ማመልከቻ ይዘው ሲገቡ አይቻለሁ። የምስክር ወረቀታቸው እንከን የለውም፤ ለቃለ መጠይቅ ሲቀመጡ ግን ጥያቄው በተጠየቀ ቁጥር የባሎቻቸውን ፊት ያያሉ። ማንም በሩን አልዘጋባቸውም፤ ፋሻ እንዲጠቀልሉና ካርድ እንዲደረድሩ ተሰጣቸው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካም እዚያው ነበሩ፤ ምክንያቱም ፋሻ የሚጠቀልል ሰው ቋንቋ አይለምድም።

ድርጅቱ ክፉ አስቦ ነው አልልም። በጀቱን ሲሠራ ሠራተኛ ብሎ የመዘገበው ባለቤትዎን ነው፤ እርስዎ ከልጆቹ ጋር «ቤተሰብ» በሚለው መስመር ውስጥ ገብተዋል። ነገር ግን ለደጋፊ አብያተ ክርስቲያናት የተላከው የጸሎት ደብዳቤ፣ ቅጂውን ራስዎ እንደላኩልኝ፣ «የነርስና የወንጌል አገልጋይ ቤተሰብ» ይላል። ገንዘብ ሲሰበሰብ ነርስ፣ ገንዘብ ሲወጣ የቤት እመቤት መሆን አይቻልም። ይህንን ለድርጅቱ በግልጽ መናገር መንፈሳዊ ትሕትናን አይቀንስም፤ ደጋፊዎቹም ለምን እንደከፈሉ ቢያውቁ የሚመርጡት ይህንኑ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መለኪያ የቋንቋ ችሎታ ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፈላል። ከዜሮ የተነሣ ሰው ኤ2 ለመድረስ ወደ 200፣ ቢ1 ለመድረስ ወደ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ከ550 እስከ 650 የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው የቋንቋው ትምህርት ቤቶች በግምት ያስቀምጣሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ፈረንሳይኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሚቀሉት ቋንቋዎች መድቦታል፤ ሆኖም 30 ሳምንት ያህል የሙሉ ጊዜ ትምህርት ይሰጥበታል፤ ተማሪዎቹም ደመወዝ እየተከፈላቸው ከመማር በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ኤ2 ዕቃ ለመግዛት፣ መንገድ ለመጠየቅ፣ ራስን ለማስተዋወቅ ይበቃል። ከሐኪም ጋር ስለ ታካሚ መወያየት የሚቻለው ቢ2 አካባቢ ነው። እርስዎ ቤት ሆነው፣ በራስዎ ትጋት፣ በዓመት ውስጥ ኤ2 ይደርሱ ይሆናል፤ ደርሰውም ለሥራዎ አይበቃዎትም።

«ቀሪውን እዚያው ትለምደዋለች» የሚለውን መልስ ከአሁኑ ስለምሰማው አስቀድሜ ልመልሰው። ቻድ ውስጥ መንግሥታዊ ቋንቋዎቹ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በአጠቃላይ ግን ከመቶ በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በዋና ከተማዋ በእንጃሜና ገበያ ውስጥ ሰው የሚግባባው በአብዛኛው በቻድ ዐረብኛ ነው፤ ወደ ደቡብ ከተመደባችሁ ደግሞ እንደ ንጋምባይ ያሉ የሳራ ቋንቋዎች ይጠብቋችኋል። ስለዚህ ያቺ ልጇን ታቅፋ የገባችው እናት የምትናገረው ጭራሹን ፈረንሳይኛ ላይሆን ይችላል፤ ፈረንሳይኛው ከሐኪሙ፣ ከመዝገቡ፣ ከቢሮው ጋር የሚሠሩበት ነው። እዚያ ስትደርሱ ሌላ ቋንቋ ከሥሩ መጀመራችሁ አይቀርም፤ የሚያስተምራችሁም ሰው የሚያብራራላችሁ በፈረንሳይኛ ይሆናል። ፈረንሳይኛውን በእንጥልጥል ይዘው የገቡ እንደሆነ ሁለቱም በእንጥልጥል ይቀራሉ።

ታዲያ ሁለተኛው ክፍያ ከየት ይምጣ? እኔ የምመክረው የትምህርቱን መጀመሪያ ከጉዞው በፊት እንድትጨርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዓቶች ፈረንሳይ ሄዶ መማር ውድ ነው፤ ፊደልና የግሥ እርባታ ለመማር ስትሉ የአራት ሰው የቤት ኪራይ፣ ቀለብና የጤና መድን ትከፍላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1883 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተው አሊያንስ ፍራንሴዝ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው፤ በአቅራቢያችሁ ካለ ሁለታችሁም እየተፈራረቃችሁ የማታውን ትምህርት ውሰዱ፤ ከሌለ በቪዲዮ የሚያስተምር መምህር ቀጥሩ። በየቀኑ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮን «በቀላል ፈረንሳይኛ» የሚል ዜና አብራችሁ አዳምጡ፤ አሥር ደቂቃ ነው፣ በነፃም ይገኛል። ኤ2 ይዛችሁ ከሄዳችሁ እስከ ቢ2 የሚቀራችሁ ወደ 400 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 20 ሰዓት ቢታሰብ 20 ሳምንት። አንድ ሰው ከዜሮ ጀምሮ ቢ2 ለመድረስ ግን 30 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ስሌቱን ይመልከቱት፦ የሁለት ሰው የ20 ሳምንት ትምህርት የ40 ሳምንት ክፍያ ነው፤ ለባለቤትዎ ብቻ የሚከፈለው የ30 ነው። ትምህርቱ የሚጨምረው የአሥር ሳምንት ክፍያ ሲሆን ከፈረንሳይ ቆይታችሁ ላይ የሚቀነሰው ግን የአራት ሰው የአሥር ሳምንት ኑሮ ነው። ድርጅቱ አንድ ዓመት ሙሉ ካስቀመጣችሁ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ጥንቃቄ ለማድረግ ጥቂት ሳምንት ጨምሩበት፤ ያም ሆኖ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ያደላል። መነሻችሁ በዚህ ምክንያት ስድስት ወር ቢዘገይ ቻድ የትም አትሄድም።

ልጆቹን ማን ይይዛል የሚለው ምክንያት ደግሞ ከሚመስለው በላይ ደካማ ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ ትምህርት ግዴታ የሆነው ከ3 ዓመት ዕድሜ አንሥቶ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤትም በነፃ ነው። የአራት ዓመቷ ልጅዎ ወደ «ማተርኔል»፣ ማለትም ወደ መዋዕለ ሕፃናት፣ ትገባለች፤ የሰባት ዓመቱ አንደኛ ደረጃ ይገባል፤ ፈረንሳይኛ ሳያውቁ ለሚመጡ ተማሪዎችም በብዙ ቦታ ልዩ የቋንቋ ድጋፍ ይሰጣል። በሌላ አነጋገር ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ባለቤትዎ ትምህርት ቤት፣ እርስዎ ብቻዎን ቤት ነው የሚሆነው። በብዙ ከተሞች ረቡዕ ትምህርት ስለሌለ ረቡዕን ተካፈሉት፤ አንዱን ሳምንት እርስዎ ከክፍል ይቅሩ፣ ሌላውን ባለቤትዎ ይቅሩ። ባልና ሚስት ሆነው ለአገልግሎት የሚሄዱ ሰዎችን ማስተማር የለመዱ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ በፈረንሳይ ሳቭዋ አውራጃ የሚገኘው የአልበርትቪል ሚስዮናዊ ማዕከል በዚህ ይታወቃል። የሃይማኖት ተቋም ያልሆነ ቢፈልጉ ቪሺ ከተማ ያለው ካቪላም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የውጭ አገር ሰዎችን ሲያስተምር የኖረ ነው።

ቪዛውንም ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አስቡት። የተማሪ የትዳር ጓደኛ መሆን በራሱ ተማሪ አያሰኝም፤ እንዲህ ያለ ሰው በአብዛኛው የሚያመለክተው በጎብኚነት ነው። በራስዎ ስም ለሙሉ ትምህርት ከተመዘገቡ ግን የተማሪ ቪዛ በራስዎ ስም መጠየቅ ይችላሉ። የምዝገባ ማረጋገጫው የማመልከቻው አካል ስለሆነ ይህ ጉዳይ መቋጨት ያለበት አሁን፣ ወረቀቱ ሳይገባ ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ትምህርቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ለማፋጠን ማሰባቸውን ጽፈውልኛል። ማንበቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ የተለመደው የ1910 የሉዊ ሰጎን ትርጉም ታሪኩን የሚተርክበት የኃላፊ ጊዜ ዛሬ በንግግር የማይሠራበት፣ የመጻሕፍት ብቻ የሆነ ነው። ያንን ይዘው ከጎረቤት ጋር ወሬ ቢጀምሩ ሰዉ በአክብሮት ይሰማቸዋል፣ ግን መጽሐፍ የሚያነቡለት ይመስለዋል። ለመለማመጃ በዘመነኛ ቋንቋ የተተረጎመውን ይያዙ።

አሁን ወደ አባትዎ ልመለስ። በ34 ዓመትዎ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ሆነው፣ ከአባት የሚጠየቀው ምርቃት ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። «ከእኔ ምንም አትጠብቂ» ማለታቸው ያማል፤ ሆኖም በደብዳቤዎ ውስጥ ከእሳቸው ገንዘብ የምትጠብቁ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም፤ ስለዚህ ዛቻው የሚያስቀርባችሁ ነገር የለም። ስለ ቋንቋው የተናገሩት ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። ማሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት፣ ቡርኪና ፋሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባደረገችው ማሻሻያ፣ ኒጀርም በ2025 ባወጣችው ቻርተር ፈረንሳይኛን ከመንግሥት ቋንቋነት ዝቅ አድርገውታል። የፖለቲካው ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ አባትዎ በትክክል አይተዋል። ይሁን እንጂ ሦስቱም አገሮች ለሥራ ቋንቋነት አቆይተውታል፤ ቻድ ደግሞ በ2023 ሕገ መንግሥቷም ከዐረብኛ ጋር መንግሥታዊ ቋንቋ አድርጋ ይዛዋለች። ፈረንሳይኛ የሚነገርባቸውን አገሮች የሚያሰባስበው ዓለም አቀፉ የፍራንኮፎኒ ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት የተናጋሪዎቹን ቁጥር 321 ሚሊዮን አድርሶታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አባትዎ የፈሩት ሙያዎ እንዳይሞት ከሆነ፣ ሊቃወሙት የሚገባው ጉዞውን ሳይሆን ፈረንሳይ ውስጥ ሳይማሩ ቤት መቀመጥዎን ነው። ተልእኮው ከአራት ዓመት በኋላ ቢያበቃ፣ ወይም ድርጅቱ ቢጠራችሁ፣ ባለቤትዎ አገልጋይ እንደሆኑ ይመለሳሉ። እርስዎ ቢ2 ይዘው ከተመለሱ በሁለት የሥራ ቋንቋ የምትሠራ፣ የሞቃት አገር በሽታዎችን የምታውቅ ነርስ ነዎት፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተው ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ሆነ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርባቸው አገሮች የሚልከው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ኤ2 ይዘው ከተመለሱ ግን የሥራ ታሪክዎ ላይ የአምስት ዓመት ክፍተት አለ፤ ያኔ አባትዎ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ጥሪን በሥራ ገበያ ዓይን ማየቴ ቅር ቢያሰኝዎት እረዳለሁ፤ የጻፉት ግን ለሙያ አማካሪ ነው።

የቀሩትን ጥያቄዎች በአጭሩ ልመልስ። ዕድሜዎ እንቅፋት አይሆንም፤ አነጋገርዎ ላይ የአገርዎ ቃና ይቀር ይሆናል፣ ለነርስነት ግን አያግድም። ልጆቹ ከሁለታችሁም ቀድመው ይናገራሉ፤ ይልቅ በእናንተ ፋንታ ስልክ እንዲያነጋግሩ ወይም እንዲያስተረጉሙላችሁ አታስለምዷቸው። ከሥራዎ አይልቀቁ፤ መጀመሪያ ያለ ደመወዝ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከተከለከሉ ያኔ ይልቀቁ። ከመነሣትዎ በፊት የዲግሪዎን፣ የሙያ ፈቃድዎንና የሥራ ልምድዎን ማስረጃ አረጋግጠው በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ ፈረንሳይኛ ያስተርጉሙ፤ የሙያ ፈቃድዎ የሚታደስበት ቀን ባሕር ማዶ ሳሉ እንዳያልፍም ይጠንቀቁ። በትምህርቱ መጨረሻ ዴልፍ የተባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና በቢ2 ደረጃ ይውሰዱ፤ ምስክር ወረቀቱ በፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር ስም የሚሰጥ ሲሆን የአገልግሎት ጊዜው አያልፍበትም፤ ሌላው የተለመደ ፈተና፣ ቴ ሴ ኤፍ፣ ግን የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ለድርጅቱ የሚላከውን ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት ጻፉት። ከላይ ያስቀመጥኩትን የሳምንታት ስሌት፣ ከሁለት ትምህርት ቤቶች የመጣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ የጸሎት ደብዳቤውንም ቅጂ አያይዙበት። ደብዳቤውን እርስዎ ያርቅቁት፤ ፈራሚው ግን ባለቤትዎ ይሁኑ፤ ምክንያቱም በበጀቱ ላይ ሠራተኛ ተብለው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው፣ «ያለ ባለቤቴ ትምህርት ጉዞውን አንጀምርም» የሚለው ቃልም ከእሳቸው ሲመጣ ለመመለስ ይከብዳል። ባለቤትዎ ለመፈረም ካመነቱ ግን ደብዳቤው ይቆይና መጀመሪያ ሁለታችሁ ተነጋገሩ። የድርጅቱ መልስ ሲደርሳችሁ ስለ ፈቃድ ማመልከቻው አረቃቀቅ ይጻፉልኝ።